የኡም ሸሃታ ቃል

እናቱ ያለችው ቃል እንዳለችው ደርሶት ቢሆን ኖሮ፣ ሸሃታ ከጀልባዋ ይቀር ነበር?

ረባብ ይህን ጥያቄ ተሸክማ ዓመት ተኩል አልፏታል። ልብስ ስታጥብ ይመጣባታል፤ ሩዝ ስትለቅም ይመጣባታል፤ ባጃጅ ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተጣብቃ ቦዩን ስትሻገር ይመጣባታል። አንዳንድ ቀን «አይቀርም ነበር» ብላ ትፈርዳለች። በረሃውን አቋርጦ፣ የደላላውን ዱላ ችሎ፣ ባሕሩን በዓይኑ ካየ በኋላ የተመለሰ ልጅ በመንደሩ ማን አለ? አንዳንድ ቀን ደግሞ «ይቀር ነበር» ትላለች፤ ያን ቀን እህል አትቀምስም።

ነገሩ የሆነው አምና በመስከረም፣ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ረባብ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የንግድ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ኡም ሸሃታ፣ የሸሃታ እናት፣ ጎሿን ስታልብ ከነበረችበት በረት እጇን እንኳ ሳትታጠብ እየሮጠች ገባች። ደረቷ ውስጥ በመሐረብ ጠቅልላ የምትይዛትን ባለቁልፍ ስልክ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ጮኸች» አለች። «አንብቢልኝ፣ ልጄ። እሱ ነው።»

ሸሃታ አንድ ልጇ ነው። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ አርባ ቀን ሳይሞላቸው ስለሞቱባት፣ ሦስተኛውን ሰባት ቤት ዞራ በለመነችው ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ስሙንም ሸሃታ፣ «ልመና» ማለት ነው፣ አለችው፣ ሞት የለማኝ ነገር ነው ብሎ እንዲንቀው። ሞትም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ናቀው። ልጁ ግን ከመስጊዱ ጀርባ የተደረደሩትን ባለአራት ፎቅ የሸክላ ቤቶች፣ ጣልያን የገቡ ልጆች ያሠሯቸውን፣ ሲያይ ሲያይ ከርሞ አንድ ጠዋት «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሏት ወጣ። ከሳምንት በኋላ ከሊቢያ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። ደላሎቹ ባጎሯቸው መጋዘን ውስጥ መናገር ክልክል ነው፤ የሚቻለው ተደብቆ መጻፍ ብቻ ነው።

መልእክቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «እማ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ሊያሳፍሩን ነው። ያለ አንቺ ምርቃት ባሕር ላይ አልወጣም። መርቂኝ። ካልመረቅሽኝ እቀራለሁ።»

ረባብ ጮክ ብላ አነበበችላት። ኡም ሸሃታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ፣ ልጇ ስልኳ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል፣ ጣቷን ቀስራ ጮኸችበት።

«ጻፊ! አልመረቅኩህም በይው። ከተሳፈርክ ያጠባሁህ ወተት እርም ይሁንብህ በይው። ጻፊ አልኩሽ!»

በመንደሩ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ሸኽ ዐብዱልሙዕጢ የሚባሉ የሰው ደብዳቤ ጸሐፊ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው እንደ ወይን ሐረግ ደርቆና ተኮማትሮ ነው የሞቱት። ሲጠየቁ፣ «አንዲት እናት ልጇን ስትረግም ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ ልጁም ሞተ፣ እጄም ደረቀ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር እርግማን በአፍ ይባላል እንጂ አይጻፍም። ረባብ ይህን ታምኛለሽ ወይ ተብላ ብትጠየቅ ትስቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ናት። ጣቷ ግን አመነ።

«መርቄሃለሁ፣ ልጄ። ልቤ ካንተ ጋር ነው። በሰላም ግባ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ለኡም ሸሃታ እርግማኑን፣ አንድ ቃል ሳታጎድል፣ ከስልኩ ላይ እንደምታነብ ሆና አሰማቻት።

«ላኪው» አለች ኡም ሸሃታ።

ላከችው። ጥሩ ሥራ የሠራች መስሏት ነበር። መሄዱ ላይቀር፣ ተረግሞ ከሚሄድ ተመርቆ ቢሄድ ምን ክፋት አለው? እናቱም ንዴቷ ሲበርድ ነገ ተነገ ወዲያ ትጸጸታለች፤ ያኔ ትነግራትና ተሳስቀው ይረሱታል።

ነገ ተነገ ወዲያ አልመጣም። ስልኳ ከዚያ በኋላ የምትጮኸው የስልክ ኩባንያው ማስታወቂያ ሲልክ ብቻ ሆነ። በጮኸች ቁጥር ኡም ሸሃታ ትሮጣለች።

«ኩባንያው ነው፣ አክስቴ።»

«ምን ይላል?»

«ዓርብ ዓርብ ወደ ውጭ አገር ለሚደወል ቅናሽ አለ ይላል።»

«ወደ ውጭ አገር?» ትላለች፣ ዓይኗ በርቶ። ያንኑ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ታስነብባታለች።

በዚያ ሳምንት አንዲት ጀልባ ሰጥማ እንደነበር በወሬ ተሰማ። የጎረቤት መንደር ሰዎች ለሦስት ልጆቻቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ለኡም ሸሃታም ሽማግሌዎች መጡባት። «የልጄን ሬሳ ካላሳያችሁኝ የለቅሶ ቡናችሁን ራሳችሁ ጠጡት» ብላ አባረረቻቸው።

*

በሰኔ ረባብ ዲፕሎማዋን ይዛ ቤት ተቀመጠች። ከእሷ ጋር የጨረሱት ሃያ ስምንት ሴቶች ነበሩ። ስድስቱ ታጩ። ዘጠኙ ከተማው ዳር ያለው የአትክልት ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ገቡ፤ ከእነሱ አንዷ ጓደኛዋ ሀናዲ ናት። የበረደ እንጆሪ ስትለቅም ውላ ስትመጣ ጣቶቿ የሰው አይመስሉም። «ነይ ግቢ» ትላታለች፤ «ብርዱን በሦስተኛው ወር ትለምጂዋለሽ። በአራተኛው ጣት እንዳለሽ ትረሺዋለሽ።» የቀሩት እንደ ረባብ በር ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ።

ከዒድ በኋላ ኡስታዝ ኸይሪ የሚባሉ፣ የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪ፣ በሞተር ሳይክል መጡ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ረባብ የመንደሩን ሴቶች በነፃ ታስተምራለች። በጥር ፈተና ይሰጣል። ሰባት ሴቶች ካለፉላት የሥራ ውል ታገኛለች፤ በየመንደሩ እየዞረች የምታስተምር ትሆናለች። ሰባት ካልሞሉ ምስጋና ታገኛለች።

«ምስጋናውን ለእንጆሪዎቹ ንገሪልኝ» አለች ሀናዲ።

ክፍሉ መንደሩ ሰርጉንም ለቅሶውንም የሚቀበልበት የእንግዳ ቤት ሆነ። ዙሪያውን በግድግዳው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። ጥቁር ሰሌዳው የተሰቀለው የለቅሶ ቁርኣን የሚቀሩት ሸኽ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሴቶች መጡ። ቀድመው የደረሱት ሐጃ ተፊዳ ነበሩ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትራሳቸውን ይዘው።

«ስም?» አለች ረባብ መዝገቡን ከፍታ።

«ኡም ኢብራሂም።»

«የራስዎን ስም ነው፣ ሐጃ።»

«የራሴ ነው እንጂ! ኢብራሂምን ማን ወለደው፣ አንቺ ነሽ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። በዚያ አገር የእናት ስም የቤት ምስጢር ነው፤ ወንድ ልጅ የእናቱ ስም በጓደኞቹ ፊት ቢጠራበት ይደባደባል። ሐጃ ጎንበስ ብለው፣ «ተፊዳ» አሉ በሹክሹክታ። «ለተቆጣጣሪው እንዳትነግሪው።»

«እሳቸውማ መዝገቡን ያያሉ።»

«እንግዲያው አንብቦ ይርሳው።»

አሥረኛዋ የመጣችው ስም ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ኡም ሸሃታ በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየች። አልተቀመጠችባቸውም። ከቤቷ ያመጣችውን የሰሌን ምንጣፍ ሰሌዳው ሥር ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለቅሶ ልቀመጥ አይደለም የመጣሁት» አለች።

ረባብ ከመዝገቡ ቀና አለች። «አንቺም፣ አክስቴ? እኔ እያለሁልሽ?»

«አንቺማ ነገ ታገቢያለሽ። የባልሽ ደጅ ልቁም?» ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «የልጄ መልእክት ሲመጣ በገዛ ዓይኔ ነው የማየው። ጻፊኝ። ሰኒያ እባላለሁ።»

ሐጃ ተፊዳ ግንባራቸውን መቱ። «ሠላሳ ዓመት ከአንድ ቦይ ውኃ ስንቀዳ ኖረን፣ ስሟን ዛሬ ሰማሁ!»

ረባብ ስሙን ጻፈች። የምታስበው ግን ሌላ ነበር። ያ መልእክት እዚያው ስልክ ውስጥ አለ። አልጠፋም። ይህቺ ሴት ማንበብ የቻለች ቀን ያነበዋል።

*

ልታጠፋው ትችል ነበር። ዕድሉ አንድ ጊዜ መጥቶላት ነበር፤ ከዒዱ በፊት፣ ማስታወቂያ ስታነብላት፣ ስልኩ በእጇ ነበር፣ ኡም ሸሃታም ወደ ጎሿ ዞር ብላ ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ነገር ግን እሱን ብታጠፋው የሸሃታ የመጨረሻ ጥያቄ መልስ ያጣ ይመስላል፤ ጥያቄውንም አብራ ብታጠፋው ደግሞ ለእናቱ ምን ሊቀርላት ነው? ተወችው። አሁን ስልኩ ከኡም ሸሃታ ደረት አይወጣም።

ስለዚህ ትምህርቱን አዘገየችው። በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን አራት ሳምንት አስቀመጠችው። መጽሐፉ ለገጠር ሴቶች የተዘጋጀ ነው፤ «ውኃችን»፣ «ማሳችን»፣ «የልጆች ክትባት» እያለ ይሄዳል። ገጽ አሥራ አራት «የእናት ምርቃት» ይላል። ረባብ ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ ስድስት ዘለለች።

«አሥራ አራት የት ሄደች?» አሉ ሐጃ ተፊዳ። «ፍየል በላቻት?»

«ፈተና ላይ አትመጣም፣ ሐጃ።»

«እንደኔ ነቻ። እኔም ፈተና ላይ እመጣለሁ ብዬ አላስብም።»

ኡም ሸሃታ ግን መጽሐፏን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተዘለለውን ገጽ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ገለጠችው።

ፈጣን ነበረች። የዱቄት ጆንያ ታነባለች፣ የመድኃኒት ካርቶን ታነባለች፣ በጣልያን ቤቶች በር ላይ የተለጠፈውን የባለቤት ስም ቆማ ታነባለች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ፊደል በፊደል፣ ረባብ እንዳስተማረቻት። ሌሎቹ ሴቶች መቅረት ጀመሩ። አንዷ ወለደች፣ አንዷን ባሏ ከለከላት፣ ሦስተኛዋ ድንች ለቀማ ገባች። ታኅሣሥ ሲገባ የቀሩት ልክ ሰባት ነበሩ።

በዚያው ወር አንድ ቀን፣ ትምህርት መሐል ላይ፣ የኡም ሸሃታ ስልክ ጮኸች። ረባብ እጇን ልትዘረጋ ጎንበስ አለች፤ ኡም ሸሃታ ግን አልሰጠቻትም። መሐረቡን ፈታ፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አየችው። መልሳ ጠቀለለችው።

«ኩባንያው ነው» አለች።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሐጃ ተፊዳ ተነሥተው አቀፏት። ረባብም አብራ አጨበጨበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡም ሸሃታ «ልጄ» አላለቻትም። «መምህርት» ትላታለች። ሌሎቹ ሴቶች ይህን አክብሮት ነው ብለው ወሰዱት፤ እነሱም ተከተሏት።

ሀናዲ የሆነውን ሁሉ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ነበረች። ከፋብሪካ መልስ ቦዩ ዳር ተቀምጠው ሐሳብ አመጣችላት።

«በኡም ሸሃታ ቦታ ሌላ ሰው አስገቢ። የላይኛው መንደር አስተማሪ እኮ አምና ያስፈተነችው ሦስት ዲፕሎማ ያላቸውን ነው። ጥቁር ለብሰው፣ እርሳስ ገልብጠው ይዘው፣ ማለፍ ብቻ። እኔ ራሴ እመጣልሻለሁ። ሦስት ዓመት ንግድ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ምንም እንዳልገባኝ ታውቂያለሽ፤ ውሸትም አይሆንብሽ።»

ረባብ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ቆመ። ያን ሳምንት ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ኡም ሸሃታ ቤት ሄዳ፣ ፈተናው ከባድ እንደሆነ፣ የደም ግፊት ላለበት ሰው እንደማይመከር፣ ብትቀር ማንም እንደማይቀየማት ነገረቻት።

ኡም ሸሃታ ለጎሿ ሣር እየቆረጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«ከእኔ ጋር ሰባት ነን አይደል?»

«አዎ።»

«ከቀረሁ ስድስት።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው እፈተናለሁ፣ መምህርት» አለች፤ ማጨዷንም ቀጠለች።

*

በጥር አጋማሽ ኡስታዝ ኸይሪ ከከተማ አንዲት ፈታኝ ይዘው መጡ። ሴቶቹ ለሰርግ የሚለብሱትን ለብሰው ነበር። ሐጃ ተፊዳ ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን አውጥተው፣ «ቀስ በል፣ ኡስታዝ፣ ውጭ ድረስ ይሰማል» አሉ። መጀመሪያ ሁሉም በየተራ አንድ አንቀጽ አነበቡ። ቀጥሎ ወረቀት ታደለ፤ ለአንድ ዘመድ ሦስት መስመር ደብዳቤ መጻፍ ነው።

ኡም ሸሃታ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ እርሳሱን እንደ ሚስማር እየተጫነች ጻፈች። ከሁሉ ቀድማ አስረከበች። ኡስታዝ ኸይሪ ወረቀቱን አንሥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ እጅ ጽሑፍ ነው! ስሙት እስቲ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ከሰኒያ ለልጄ ለሸሃታ። ያ ቃል የኔ አልነበረም፣ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። የኔ ቃል ይሄ ነው፤ አልመረቅኩህም፣ ተመለስ።»

«ጠንከር ይላል» አሉ፤ «ግን ስሕተት የለውም።»

ሐጃ ተፊዳ መጀመሪያ ኡም ሸሃታን፣ ቀጥሎ ረባብን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ። ባልቴት ናቸው፤ ሲገባቸው ዝም ይላሉ። ረባብ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ስትወጣ ቀሚሷ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ታየ።

ሰባቱም አለፉ።

ኡም ሸሃታ ቦዩ ዳር ካለው አኻያ ሥር ጠበቀቻት። እንግዶቹ በሞተር ሳይክሉ እስኪሄዱ ድረስ አልተናገረችም።

«መቼ አነበብሽው?» አለች ረባብ።

«ገጽ አሥራ አራትን የጨረስኩ ቀን።»

«እኔ አላስተማርኩሽም።»

«አላስተማርሽኝም። ምን ደብቃ ይሆን ብዬ ራሴ ተማርኩት።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ? ይህን ሁሉ ጊዜ ሰሌዳዬ ሥር ተቀምጠሽ…»

«ፈተና ነበረብኝ። አንቺም ፈተና ነበረብሽ።»

ረባብ አለቀሰች። ያሰበችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። መሄዱ ላይቀር፣ እርግማን ይዞ ባሕር እንዳይገባ፣ የሸኽ ዐብዱልሙዕጢ እጅ፣ አንቺም ኋላ እንዳትጸጸቺ። ኡም ሸሃታ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ልጄን ታውቂዋለሽ?» አለቻት። «አታውቂውም። ልጄ አንድ ጊዜ ጠይቆ አይተውም። ብስክሌት ሲፈልግ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ትምህርት ልተው ሲል ሦስት ጊዜ። እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ መልሶ ይጠይቃል፣ እንደገና እሰድበዋለሁ። በመጨረሻ አንዳችን እንስቃለን። እርግማኔን ቢያየው ኖሮ መልሶ ይጽፍልኝ ነበር። እኔም ቤትሽ ድረስ መጥቼ ሌላ እርግማን አስጽፍሽ ነበር። እሱም እንደገና። እንዲህ ስንሰዳደብ ይነጋ ነበር። እኛ ስንሰዳደብ ጀልባዋ ትሄድ ነበር።»

«ባይጠይቅስ? ዝም ብሎ ቢሄድስ?»

«ያኔ እርግማኑን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። የኔ ነበር። ልጄ የጠየቀው እኔን ነው፤ የመለስሽለት አንቺ።»

መሐረቧን ፈታ ስልኩን አወጣች። ከመጽሐፏ ውስጥም ወረቀት አወጣች፤ ፈተናው ላይ የጻፈቻቸው ሦስት መስመሮች አስቀድመው ተጽፈውበታል።

«መጻፍ እችላለሁ። መላክ አላውቅም። አንቺ እንዳትነኪው። በአፍሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ረባብ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። «ከላይ በግራ ያለችውን ተጫኚ» አለች። «አሁን መልእክት የሚለውን ፈልጊ። አዎ። አሁን ጻፊ።» ኡም ሸሃታ ቁልፉን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እየተጫነች ፊደሎቹን አወጣች። ስትሳሳት ረባብ ታያለች፤ ግን ካልተጠየቀች አትናገርም። የሩዝ ገለባ የጫነ ትራክተር አልፎ አቧራው እስኪሰክን ድረስ ገና «ከሰኒያ» ላይ ነበረች። ፀሐይ ከአኻያው ወረደች። ጎሾቹ ከቦዩ ወጥተው ወደ ቤታቸው ተነዱ።

«ጨረስኩ።»

«አሁን ስሙን ፈልጊ።»

ፈለገችው። ስታገኘው አውራ ጣቷን ስሙ ላይ አሻሸች፣ አቧራ እንዳለበት።

«አሁን አረንጓዴዋን ተጫኚ፣ አክስቴ።»

ተጫነች። ስልኳ «ተልኳል» አለች። ሁለቱም፣ አንዷ በእጇ ይዛ፣ ሌላዋ እጆቿን ከኋላ አጣምራ፣ የትንሿን መስታወት ብርሃን እስኪጠፋ አዩት። ኡም ሸሃታ ስልኩን ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ሂጂ፣ መምህርት» አለች።

*

ውሉ በመጋቢት መጣ። ረባብ አሁን በሁለት መንደሮች ታስተምራለች። በየክፍሏ የመጀመሪያው ቀን የሴቶቹን ስም ስትጠይቅ ሳቅ ይሆናል፤ ሳቁ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ገጽ አሥራ አራትን አትዘልም።

ኡም ሸሃታ ወደ ገበያ የምትሄደው በላይኛው ድልድይ ሆኗል፤ በረባብ በር የሚያልፈውን መንገድ ትታለች። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር የለም። ከጀልባዋ የተረፉ ልጆች በአንድ ደሴት ታስረዋል የሚል ወሬ በመንደሩ አንድ ሰሞን ተነሥቶ ሞተ። ረባብ የድሮ ጥያቄዋን አሁንም ትጠይቃለች። «አይቀርም ነበር» ብላ የምትፈርድባቸው ቀናት ግን አነሱ።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ባጃጁ ሰው እስኪሞላ ቦዩ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ከወዲያ ማዶ ኡም ሸሃታ በሯ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም አየቻት። ረባብ የራሷን ስልክ አወጣች። ብዙ ጻፈች፤ ምክንያቷን፣ ልጅነቷን፣ የሸኹን እጅ። ከዚያ ሁሉንም አጠፋችው። ወደዚያ ስልክ የገዛ ራሷን ቃል ስትልክ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አክስቴ ሰኒያ። ቃልሽን ወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ። ረባብ።»

አረንጓዴዋን ተጫነች። ከማዶ ኡም ሸሃታ ሰፌዱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መሐረቡን ፈታ፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ታየ፣ ፊደል በፊደል። አንብባ ስትጨርስ ጠቀለለችው፤ ቀና ብላም አላየችም። ሰፌዱን አነሣች።

«ሞልቷል፣ እንሂድ!» አለ የባጃጁ ሹፌር።

ረባብ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠመኔው አጠገብ አስቀምጣ ዋለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ጮኸ። ኩባንያው ነበር።